የእማዬ ቀሪቦና የእትዬ ሐሊማ ጆግ

ይህ ወረቀት በኢስሃቅ ቦርሳ ታጥፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ የድሬዳዋን ፀሐይ ችሎ እጅህ ይግባ፤ ወንድምዓለም ፍሮምሳ።

አካም ጅርታ? ከዚያ ሁሉ ሙቀትና ከፋብሪካው አቧራ ጋር እንዴት ነህ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተሻለህ? ፌቨን እንዴት ናት? ትንሿ ሃዋኒስ ጥርስ በማውጣቱ ሌሊቱን መነጫነጭ ተወች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬም ደህና ናት። ይህን ለወጉ ያልኩ እንዳይመስልህ፤ በእግሯ ትሄዳለች፣ ትቆጣለች፣ የጎረቤት ዶሮ ታባርራለች። ደህና ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ልነግርህ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። እማዬ ስልክ ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ካላስቀመጠች አይሆንላትም፤ ግቢው በሙሉ ነው አብሮ የሚያወራው። ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ፤ ነገሩን ሳልጨርስ «አላልኩሽም?» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ተቆጣ። አመለሸጋ ብለው ስም አወጡልኝ እንጂ አመሌን ታውቀዋለህ፤ ቁጣው እኔም ዘንድ አይጠፋም።

አምቦ ዘንድሮ ተቃጥላለች። የበልግ ዝናብ ብቅ ብሎ ጠፋ። ለአንተ ለድሬው ሰው ይሄ ብርድ ነው፤ እኛ ግን ቀልጠናል። ከተማው በሙሉ የሚጠጣ ፈላጊ ሆኗል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ስፕሪስ በሁለት ማንኪያ እየተካፈሉ ጁስ ቤቱን ሞልተውታል። እኛ ቢሮ ያሉት ወንዶች ከምሳ በኋላ መዝገብ አምጡ ስትላቸው ሐሳባቸው ድራፍት ላይ ነው። ሴቶቹ አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቀን እርስ በርስ እየተመራረቅን እንውላለን። እማዬም እንደ ወትሮዋ በጋውን ሁለት ዓይነት ትጠምቃለች፤ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ።

ኦቦ ኩምሳን አትረሳቸውም መቼም፤ ሒሳብ ያስተማሩህ፣ አሁን ጡረታ የወጡት። አሁንም የእማዬ የመጀመሪያ ደንበኛ እሳቸው ናቸው፤ አሁንም ዐይኗ እያየ ጠላውን በአምቦ ውሃ ይበርዙታል። «ስንት ቀን የለፋሁበትን ፋርሶ ጋዝ አስገቡበት» ትላቸዋለች በየዓመቱ። እሳቸውም በየዓመቱ ይስቃሉ። ዘንድሮ ግን አምቦ ውሃውን እጥፍ አድርገው ሲጨምሩ አይቼ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ ታውቀዋለህ።

እኔን ታውቀኛለህ፣ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ጠላዋን በከንፈሬም አልነካሁም። ቀሪቦው አያሰክርም፤ ግን ከጠላው ጋን ጎን ስለሚቀመጥ እሱንም ተውኩት። ግትርነት ነው፣ አልክድም። «የገዛ ልጄ እጄን ተጸየፈች» ስትል ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

በጥር እማዬን ያመማት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሁለት ሳምንት አሳላት፤ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት እግሬን አላነሳም አለች። ዳነች ብለን አመሰገንን። ከዚያ በኋላ ግን ወጡ አንድ ቀን ጨው ያንቃል፣ አንድ ቀን ጨርሶ ጨው የለውም። እርጅና ነው አልኩ። አንተም እርጅና ነው አልክ። «ጋኖቹን ሽጡና ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ድሬ እወስዳታለሁ» ስትለኝ እሺ ያልኩህ እኔው ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞኝ ነበር። ጭሱ ደክሞኛል፣ የጠጪ ዘፈን ደክሞኛል። አንዲት ከጉደር የመጣች ሴት ጋኖቹን እንድታያቸው እስከ መንገር ደርሼ ነበር።

ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን ከቢሮ በጊዜ ወጣሁ። ያው የኢስሃቅ እናት እትዬ ሐሊማ ሰፌድ አውሰውን ስለነበር ልመልስ በጓሮ በኩል ገባሁ። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር እትዬ ሐሊማ ረመዳንን ያለ እማዬ ቀሪቦ አፍጥረው አያውቁም፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ልጃቸው መሊካ ያንን አረንጓዴ ጆግ ይዛ ትመጣለች፣ እማዬ እስከ አፉ ሞልታ ትሰጣታለች። ዘንድሮም ጆጉ አንድ ቀን አልቀረም። እኔ ስገባ ታዲያ እትዬ ሐሊማ ሎሚው ዛፍ ሥር ቆመው ጆጉን እየገለበጡት ነው። እማዬ አሁን የሞላችውን ጆግ!

ደሜ ፈላ። ካልፈለጋችሁት ማን አስገደዳችሁ ልል አፌን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የቀሪቦ ሽታ አይደለም። እቤቴ ውስጥ ሳልፈልግ ሲሸተኝ ያደግሁት የጠላ ሽታ ነው። ቀሪቦው በሙቀቱ አልፎበት ወደሚያሰክረው ዞሯል።

እትዬ ሐሊማ ሲያዩኝ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ረመዳን የገባ ዕለት ሊያፈጥሩ ሲሉ ከሽታው አወቁት፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልቀመሰም። ከዚያ ጀምሮ ጆጉን በየቀኑ ይልኩታል፣ በየቀኑ ይደፉታል፣ ለልጆቹ ሎሚ በስኳር ይበጠብጣሉ። ለምን አልነገሩንም ብላቸው «ሃያ ረመዳን ካጠጣችኝ እጅ ይሄ ተበላሽቷል ብዬ ልመልስባት? ጆጌ ቢቀርም ምን ሆንሽብኝ ትለኛለች። የሚያስፈራኝ ይሄ ሎሚ ሰክሮ እንዳይወድቅ ብቻ ነው» አሉኝ። እየሳቁ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አትሳቅብኝ።

ዝም ማለት አልችልበትም፤ ቀጥ ብዬ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። የማጥለያ ጨርቁን እያጠበች ነበር። ጨርቁን ይዛ ቁጭ አለች። ከጥር ጀምሮ አፏ የሚገባው ሁሉ ገለባ ነው አለችኝ። ሽታም የለም፣ ጣዕምም የለም። እኔ ብትነግረኝ ለአንተ እነግርሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ጋኑን አሽጠህ ትወስዳታለህ ብላ ደበቀችኝ። ታዲያ ጠላውን እንዴት ጠመቅሽው ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ፊታቸውን ነው የምቀምሰው። የኩምሳ ቅንድብ ሲሰበሰብ ጌሾ እቀንሳለሁ። ቀሪቦው ግን ከቤት ወጥቶ ይሄዳል፤ የማየው ፊት የለኝም።»

ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ፣ እዚያው ማዕድ ላይ ነበርኩ። እኔ ምን አየሁላት?

እማዬ ግን ለራሷ አላለቀሰችም። የከነከናት የሐሊማ ነገር ነው። «ጾመኛ ቤት የሚያሰክር ላክሁ» ብላ ነጠላዋን አገለደመችና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነቅላ ወጣች። ካደግሁ ወዲህ እማዬ ሣር ይዛ ይቅርታ ስትጠይቅ አላየሁም፤ አባባ ከወንድሙ ጋር የታረቀ ጊዜ ይሆናል የመጨረሻው። ከእትዬ ሐሊማ ደጅ ላይ ቆማ ሣሩን በሁለት እጇ ዘረጋች። እሳቸውም ዘለው ተቀበሏት፤ «ምን በደልሽኝና ነው ሣር የምትይዢብኝ? ጆጌ ነገም ይመጣል» አሏት። እማዬ ምላሴ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አልጠምቅልሽም አለች። እትዬ ሐሊማ እኔን ገላመጡኝ። «ይቺ የወለድሻት ምላስ የላትም እንዴ? ለክርክር ሲሆንማ አላት» አሉ።

የእማዬ ምላስ ሆኜ ተሾምኩ።

በማግስቱ ቢሮ ሳልሄድ እማዬ አዲሱን ቀሪቦ በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ስምንት ዓመት ቀሪቦዋን ሳልቀምስ ኖሬ መጀመሪያ የቀመስኩላት ቀን እሷ መቅመስ አልቻለችም። ጎነጨሁና «ጥሩ ነው» አልኳት። ጣሳውን ከእጄ መንጭቃ «ጥሩ የሚባል ጣዕም የለም! ዝም ብለሽ ልታልፊኝ ነው? አፍሽ ውስጥ ያለውን ንገሪኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። እንደገና ጎነጨሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ይጣፍጣል፣ መሐሉ ላይ ቀጠን ይላል፣ ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ያረረ የዳቦ ቅርፊት ይላል አልኳት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «ስኳር ጨምሪ፣ አሁኑኑ ወደ ጥላ ይዛወር፣ ከአሥር ሰዓት አይለፍ» አለች። እንዳለችው ሆነ። ያን ቀን ጆጉ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ፤ መሊካ «ትንሹ ወንድሜ ደሊል ሦስት ጊዜ አስቀዳ» ብላ ነገረችን።

ጠላውን ኦቦ ኩምሳ ይቀምሳሉ። እኔ እዚያ አልገባም፤ እማዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ግድ የለም አለችኝ። ሹመቱን ስንነግራቸው ኮታቸውን ለብሰው መጡ ብልህ ታምናለህ? ግን ሁዳዴ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም ብለው ጠላውን እያዩ ሰዓት ሲጠብቁ ማየት ነበር! ቀምሰው ሲጨርሱ ነው የተናዘዙት። ከየካቲት ጀምሮ ጌሾው ምላሳቸውን እያሰረው፣ እማዬ እንዳታውቅ ቅንድባቸውን ይዘው፣ ምሬቱን በአምቦ ውሃ ሲያለዝቡ ከርመዋል። እማዬ ሳቋን ለቀቀችው። «አንቱ ሰውዬ፣ እኔ ጌሾ የምቀንሰው እርስዎ ሲኮሳተሩ ነው እኮ!» አለቻቸው። አየህ፣ ሁሉም ስለወደዳት ዋሻት፤ ውሸቱ ደግሞ ብቻዋን አስቀራት።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። ልትወስዳት ያሰብከው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እሺ ያልኩህ በክፋት አልነበረም። ደክማለች፣ ትረፍ ብለን ነው። ግን ጠየቅኋት፤ እኔና አንተ እስካሁን ያልጠየቅናትን። ድሬዳዋ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት። «ልጄን ማየት እፈልጋለሁ። ግን እዚያ የማውቀው ፊት የለኝም፤ በማን አፍ እቀምሳለሁ?» አለችኝ። ለጉደሯ ሴት ጋኖቹ አይሸጡም ብዬ ልኬባታለሁ። ሐኪም ዘንድም ወስጃታለሁ፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ጊዜ ስጡት አሉን። እባክህ ወንድሜ፣ ለፋሲካ ና፤ ግን ዕቃ ልትጭን አትምጣ። ከኦቦ ኩምሳ ጎን ተቀምጠህ ልትቀምስላት ና።

እስከዚያው ቀሪቦውን ራሱን ልልክልህ ፈልጌ ነበር። እማዬ «አዋሽ ሳይደርስ ይፈላና ኢስሃቅን ጉድ ያደርገዋል» አለች። የልጁ ቦርሳ በጠላ ሸትቶ ለዒድ ዕቃ ሲገዛ ይታይህ! ስለዚህ የተቆላውን ገብስ ልካለች፤ ራሷ የቆላችው ነው፣ ከለሩን አይታ። ፌቨን ውሃው እስኪጠቁር ታፍላው፣ በጨርቅ ታጥልለው፣ ለብ ሲል ስኳርና ቁንጣሪ እርሾ ታድርግበት። በድሬ ሙቀት ከማታ እስከ ጠዋት ይበቃዋል፤ እንደ አምቦ አታቆዩት።

ፌቨንን እማዬ ሁለቱን ጉንጮቿን ስማታለች፤ ስኳሩን አትሰስቺ ብላታለች። ሃዋኒን አያትሽ ናፍቃሻለች በላት፤ በጣትህ ነክረህ አንዲት ጠብታ አስልሳትና ፊቷ ምን እንደሚሆን አስተውል። እማዬ እሱን አጥብቃ ትጠይቅሃለች። እትዬ ሐሊማ፣ መሊካና ደሊል ሰላም ብለውሃል። ኦቦ ኩምሳ ሒሳብ ትችል እንደሁ ገና አይተማመኑብህም፤ ሆኖም ሰላም ብለውሃል። እኔም በጣም ናፍቀኸኛል፤ በስልክ ስለማልለው ነው እዚህ የጻፍኩት።

ቀሪቦው ሲደርስ ለእማዬ ደውልላት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና ነው የምትጠብቅህ። እንዴት ነው ስትልህ ደስ ይበላት ብለህ «ጥሩ ነው» እንዳትላት። አፍህ ውስጥ ያለውን ንገራት።

እህትህ አመለሸጋ
አምቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.