ባለ ጎማዋ ጣውንቴ

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም አልተነሣችም። ደምሴ ከሥሯ ገብቶ ተንጋሏል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ቁርሱን በእግሩ በኩል አስቀምጬለት ተመለስኩ። ባሌን የማውቀው በእግሩ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ደብተሬ ሆይ፣ አንተ እንግዳ ነህና ላስተዋውቅህ። «እሷ» የምልህ ሰው አይደለችም፤ የባለመሬታችን የሼክ በሽር አሮጌ ኮምባይነር ናት። አባታቸው የገዟት። ቀለሟ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ደምሴ ሾፌሯም፣ መካኒኳም፣ አልቃሿም ነው። (ቀለም ይቆጠብ፤ ከእንግዲህ ደ. ነው።) እኔ ጣውንቴ እላታለሁ። የሰው ጣውንት ብትሆን እንኳ ውኃ ትቀዳልኝ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ዶካ አካባቢ ሰው ሁሉ ማሽላ ይዘራል። እኛ ከሼኩ መሬት ረባዳውን በእኩል ይዘን በቆሎ ዘራን። ሳቁብን። በቆሎው ግን አፈራ፤ አሁን ደርቆ ቆሟል። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው፤ ሌላ የለም። የዓርብ ሳምንት ደግሞ ጠልጋ ነው፤ ከብት ሁሉ ወደ ማሳ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ቆሞ የተገኘ እህል የከብት ነው፤ አቤት ቢሉ ሰሚ የለም።

በእጅ እንልቀመው አልኩ። ደ. ከሥሯ ሆኖ ሳቀ። የሳቁን ምክንያት ሊነግረኝ ግን አልወጣም።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ሼኩ መጡ። ለደቦ ሰው ልጥራ አልኳቸው። ሱዳኖቹም ነፊር የሚሉት አላቸው፤ ጎረቤት ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይበላል፣ ያው ነው። ተቀየሙኝ። የአባቴ ማሽን ቆማ እያየች ሰው በቆሎ በእጁ ቢቀነጥስ የዶካ ገበያ ምን ይለኛል አሉ። በዚህ የጦርነት ዘመን፣ ናፍጣ በጠፋበት አገር፣ የዶካ ገበያ ሌላ ጭንቀት የሌለው ይመስል። ደ. ራሱን እየነቀነቀ አጀባቸው። ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ቡክራ» አሉኝ። ነገ ማለት ነው። የትኛው ነገ እንደሆነ አይጠየቅም።

ከሰዓት። ተነሣች። ጭሷ ቁረይሻ ከተማ ድረስ ሳይታይ አልቀረም። ደ. ጥርሱ ሁሉ ታየ። እኔም አንድ ቀን ደግ ልሁን ብዬ፣ ዛሬስ ጎበዝ ሆነች አልኩ። አንዴ አሳላት። ጸጥ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሼኩ ማሻአላህ አላልሽም አሉ። ደ. እንትፍ አላልሽባትም አለ። በሁለት ሃይማኖት በአንድ ቀን ቡዳ ሆንኩ።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

ወደ ማሽኗ እንዳልቀርብ ታግጃለሁ። በዓይኔ ብረት ማቆም እንደምችል ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ደ.ን ራሱን አንድ ቀን ቤት ባቆምኩት።

ሥራ ስፈታ ትዝታ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ፣ በለስ በኩል፣ የመንግሥት እርሻ። ዓይን እስኪደክም በቆሎ። እንዲህ ያሉ ኮምባይነሮች ተሰልፈው ሲሄዱ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እኛ ቆነጃጅቱ ከኋላ እየተከተልን እንቃርማለን። ብናኙ አንገታችን ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከን ይውላል። አንዱ ሾፌር ታዲያ እኔ ያለሁበት ሲደርስ ብዙ በቆሎ ጥሎ ያልፋል። ጆንያዬ ከሁሉ ቀድሞ ይሞላል። ጓደኞቼ ጎነተሉኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ አቧራ ነበር፣ አቧራው ውስጥ ጥርስ። ለኔ ብሎ የሚጥል መስሎኝ አገባሁት። ማሽኑ ራሱ የሚያፈስ እንደነበር የነገረኝ ልጅ ከወለድን በኋላ ነው። ያውም እንደ ቁም ነገር።

የሆነ ሆኖ ደግ ጊዜ ነበር። ያኔ ማሽን ሲቆም የሚከስረው መንግሥት ነው። አሁን እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

ለዓይኔ መድኃኒት ተገኘ። ደ. በገላባት ተሻግሮ መተማ ካለ ደብተራ ክታብ አጽፎ መጣ። ሼኩም ከአዋቂያቸው ሒጃብ አመጡ፤ እሱም ክታብ ነው፣ ቆዳው ይለያል። የማን ይቅደም በሚለው ተጨቃጨቁ። ታረቁ። ጎን ለጎን አንጠለጠሏቸው። የት ቢሉ፣ ልክ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ከሚዞርበት በላይ፤ ልቧ እዚያ ነው ብለው። ከሩቅ ሆኜ፣ ገመዱ ረዝሟል፣ ይጠመጠማል አልኩ። ደ. «የሺ፣ ተይ ዛሬ እንኳን አፍሽን ሰብስቢ» አለኝ። ሰበሰብኩ።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

ተነሣች። ወዲያው ገመዶቹን ጎተተች። ክታብና ሒጃብ ተቃቅፈው ቺንጋው ውስጥ ገቡ። ቺንጋው ተበጥሶ ተስፈነጠረና የሼኩን ጥምጣም ይዞት ሄደ። ሰው አልተጎዳም፤ ክብር ብቻ።

ደ. የጠለፈው የሼኩ ቆዳ ነው ይላል። ሼኩ የደ. ክር ነው ይላሉ። የኔን ዓይን ማንም አላነሣም። ትንሽ ቅር አለኝ።

ሌላ ቺንጋ ያለው ገዳሪፍ ነው፤ መንገዱም ዘመኑም እንደምታውቀው ነው። ሼኩ አሁንም ቡክራ። ደ. የተበጠሰውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እራት አልበላም። ተናደድኩ። አሳዘነኝ። ደግሞ ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

ነገ ጠልጋ ነው። ከብቱ ከወዲሁ ማሳው ዳር ደርሷል፤ ሌሊቱን ሲያገሳብን አደረ።

ጠዋት ለማንም ሳልናገር የከብቶቹ ባለቤት አደም ጋ ሄድኩ። ሻይ ቀዳልኝ። የኛን ማሳ መጨረሻ አድርግልን፣ ፍሬውን ልልቀም፣ አገዳውን እንዳለ እተውልሃለሁ አልኩት። አገዳው በውላችን የኛ ነው፤ አጭደን ልንሸጠው ነበር። ከረሃብ ይሻላል።

አሰበ። «ኮምባይነራችሁስ?» አለኝ።

«ቆማለች።»

«ከብቶቼን ትነክስ ይሆን?»

«እስካሁን የነከሰችው እኔን ብቻ ነው።»

ሳቀ። የሌሎቹን አስቀድማለሁ፣ እስከ ሰኞ ልቀሚ አለ። ከሰኞ ወዲያ ከብት ልመና አይሰማም አለ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ለደ. የማደርገውን ንግግር አሰናዳሁ። መግቢያው ለስላሳ። መሐሉ መራራ። መጨረሻው ወይ እኔ ወይ እሷ የሚል። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ አላሰናዳሁም።

ማሽኗ ጋ የለም። ቤትም የለም። ማሳው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከቤት በማይታየው በኩል፣ አገዳው ይነቃነቃል። ከብት ገባ ብዬ ዱላ አነሣሁ። ደ. ነው። ጆንያ አንገቱ ላይ አስሮ በእጁ ይቀነጥሳል። ብቻውን። ከኋላው የሞሉ ጆንያዎች ቆመዋል፤ የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም። ትናንትም ቺንጋ ሊያፈላልግ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እዚህ ነው።

አላየኝም። ዱላዬን አስቀምጬ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ያን የመሰለ ንግግር አበላሸብኝ።

ለጎረቤት ልኬያለሁ፤ ደቦው ቅዳሜ ነው። የዶካ ገበያ ይሳቅ፣ ሼኩም ይቀየሙ። ነገ ግን ጎህ ሲቀድ እኔ ከዚህኛው ጫፍ እጀምራለሁ። ማየቴን አልነግረውም። እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። መሐል ላይ ስንገጥም ማን ቀድሞ እንደሚናገር እናያለን። እኔ አልሆንም።