ጥርስ የነበረው መስመር

ውድ ኤሉዋ፣

አብሮን ሲስቅ የኖረ ሰው እንዴት በአንድ ቀን ባዕድ ይሆናል? ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ማክሰኞ ዕለት አባቴ ወርክሾፕ ውስጥ ቆሜ ጠየቅሁት።

የመኪናው የአሉሚኒየም በር ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ገና ቀለም አልነካውም። አባቴ መብራቱን አዘንብሎ ሲያበራበት እንደ እሳት ምላስ የተጥመለመሉ ሰንበሮች ታዩ። በጣት ሲዳሰሱ እምብዛም አይታወቁም። ቀለም ሲቀባ ግን ከሩቅ ይጣራሉ።

"ቅባቱ ነው ብዬ ቀየርኩት" አለኝ። "ቅርጽ ማውጫውን በእጄ ስፈትግ ሰነበትኩ። ደንበኞቹ ጥፋቱ ያንተ ነው ይሉኛል። ልጄ፣ እጄ ይሆን እንዴ የከዳኝ?"

ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ እየጨመቀ በር ሲያወጣ የኖረው ኩሩው አባቴ ሬዣን ላፕራድ፣ መዳፉን ገልብጦ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

እኔ ግን ሰንበሩን ገና ሳየው አወቅሁት። አንተም ታውቀዋለህ።

ሺኩቲሚ ከተማ፣ የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ትዝ ይልሃል? ማሽኑ ማግኒዢየም ያለበትን የአሉሚኒየም ቁራጭ በሁለት ጫፉ ይዞ ይጎትተዋል። ሌላው ብረት ጸጥ ብሎ ይሳባል። ያ ጉደኛ ግን አንድ ቦታ ብቻ ይለቃል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ዘልሎ ሌላ ቦታ ይለቃል፤ በለቀቀበት ሁሉ ያንኑ ሰንበር ይተዋል። ጆሯችንን ስናስጠጋ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይሰማን ነበር። ኮምፒውተሩ የሚስለውም መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። የት እንደሚበጠስ በዶናት እንወራረዳለን።

"ከላይ!" እልሃለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም? ከታች ነው። ዶናቴን አዘጋጂ!"

ሁልጊዜ ትበላኝ ነበር። አፍህ በስኳር ተለውሶ "ይሄ ብረት አክስቴን ዣኔትን ነው የሚመስለው" ትላለህ። "ቤተሰቡ ሁሉ ሲያናድዳት ትችልና ትችልና፣ በአንዱ ምስኪን ላይ ትፈነዳለች።"

ምስኪኑ አባቴ እንደሚሆን ማን ያውቃል!

የአሉሚኒየም ቆርቆሮ አምራቹ ሲቀጥርህ ከአንተ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ቆርቆሮውን እናንተ ትሸጣላችሁ፣ አባቴ ይጨምቀዋል። ለገና አባቴ የሥጋ ኬኩን፣ ቱርቲየሩን፣ ሲቆርስ ትልቁን ቁራጭ ለአንተ አልነበር ያነሳው? "ብላ፣ የቤት ልጅ" ብሎህ። በላህ።

ማክሰኞ ማታ ግን ለደንበኞቻችሁ፣ ለአባቴም፣ የላካችሁትን የቆርቆሮውን የሙከራ ውጤት አየሁ። መስመሩ እንደ ሐር ለስልሷል። ደወልኩልህ።

"ጥርሶቹን የት አደረስካቸው?"

"ኮራሊ፣ አትነዝንዢኝ። ደንበኛ ጥርስ ሲያይ ይደነግጣል። አለቃዬ አለስልሰው አለኝ፣ አለሰለስኩት። ሁሉም የሚያደርገው ነው።"

"በሩስ?"

"በሩን የጨመቅሁት እኔ አይደለሁም።"

ኤሉዋ፣ ከዚህ በኋላ ያልከውን አልሰማሁም። ሰው በአንድ ቀን ባዕድ አይሆንም ለካ። አንድ ቦታ ይለቃል፣ ቀጥ ብሎ ደህና ነኝ ይላል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ይለቃል። እኔ ነኝ ጆሮዬን ያላስጠጋሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት የመኪና ፋብሪካው ሰዎች ይመጣሉ፤ ሥራውን ከአባቴ ሊነጥቁት ነው። ያለ በሩ ሥራ ወርክሾፑ ይህን ክረምት አይሻገርም። እኔም መምህራችንን ለምኜ ምድር ቤቱን አስፈቅጃለሁ፤ ሰዎቹን እዚያ እወስዳቸዋለሁ። ከዚያው ከእናንተ ቆርቆሮ ቁራጭ ቆርጬ እፊታቸው እጎትተዋለሁ። ጠቅታውን በጆሯቸው ይስሙት። ቆርቆሮው እኮ ክፉ አይደለም! ለበሩ ውስጠኛ ገጽ ይሆናል፤ ማንም አያየውም። ለውጩ ሌላ ዓይነት የአሉሚኒየም ቅይጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አስረዳቸዋለሁ፤ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፣ እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል።

ግን የሚሉኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፦ "ትናንት የተመረቀች ልጅ፣ አባቷን ልታድን!" እኔን ባያምኑኝ አይገርምም። መስመሩን ሳይለሰልስ በፊት ያየኸው አንተ ነህ።

ለአባቴ ደግሞ ያንተን ነገር አሁንም አልነገርኩትም። ትናንት "ያ የቤት ልጅ ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ይመጣል" አልኩት።

ሐሙስ ና። ማሽኑ አጠገብ ቁምና የት እንደሚበጠስ ንገራቸው። ዶናቱን እኔ እገዛለሁ። መምጣቱ ከከበደህ ጻፍልኝ፤ ግን እባክህ፣ መልስህን እንኳ አታለስልሰው።

አሁንም "ከላይ" የምትልህ፣
ኮራሊ