ባለ ቅርፊቱ ገበቴ

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬም የሚሽከረከረው እንጨት ማዕዘን የካሴን እጅ መታው። ከዓርብ ወዲህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ካሴ መሮውን ጣለና ወደ እኔ ዞሮ «ፈንታ፣ መንኮራኩሩን አታፍጥኚ ብዬሽ አልነበረም?» አለኝ። አላፈጠንኩም። ከተጋባን ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት የባሌን ቶርኖ፣ የእንጨት ማሽከርከሪያውን፣ የማዞረው እኔ ነኝ፤ እጄ ልኩን ያውቃል። ጣቱን በጨርቅ አሰርኩለት።

ሥራውን ያዘዙት የቤተ ልሔሙ መሪጌታ ላቀው ናቸው። እናታቸው ባረፉ በወሩ ደጃቸው የነበረው ዋንዛ በነፋስ ወደቀ። መሪጌታ ከግንዱ አንዱን ቁራጭ፣ ቅርፊቱን ባንድ ወገን አስቀርተው፣ አራት ማዕዘን አስጠርበው፣ ቤት ውስጥ አድርቀው፣ በአህያ ላኩልን። ገበቴ ይፈልጋሉ፤ በእናታቸው ሙት ዓመት ዳቦው የሚቆረስበት። አደራቸው አንድ ነው፤ የዳሩ ቅርፊት እንዳይነካ። ስለዚህ ክብ አይሆንም። አራት ማዕዘን እንደሆነ ይቀራል፣ ቅርፊት ያለው ወገን አፉ ይሆናል፣ መሐሉ ብቻ ይቦረቦራል። ሌላ ሰው እንቢ ይል ነበር። ካሴ ግን በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ቶርኖ ቤት ሲሠራ እንዲህ ያለ አይቷል፤ ደስ ብሎት ተቀበለ።

ክፉው ነገር ማዕዘኑ ሲሽከረከር አለመታየቱ ነው። እንደ ጉም ይሆናል። ጉሙ የት ላይ እንደሚያልቅ ያልለየ ሰው እጁን ያስመታል። ካሴ ደግሞ እንዲህ ያለውን የሚስት ሰው አልነበረም።

መሪጌታ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የውጭው ወገን አለቀ። መቀመጫው አምሮ ወጣ። ከቶርኖው ፈትተን፣ ገልብጠን፣ በአራት ቪቴ፣ በጥምዝ ሚስማር፣ መልሰን አሰርነው። ነገ በዓል ነው፤ ውስጡ ሐሙስ ይጀመራል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀኑን ሙሉ እሱን ስሰልል ዋልኩ። ያየሁትን እዚህ ልጻፈው። ካሴ ፊደል አልቆጠረም፤ ይህን ደብተር አያነበውም።

መሮው ፊቱ ተቀምጦ ሳለ በእጁ እየዳሰሰ ፈለገው።

ቪቴ ወደቀበትና አንሺልኝ አለኝ። ድሮ ራሱ ነበር የሚያነሣው።

የጎረቤታችን የወይዘሮ ስመኝ ባል በራፍ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። ካሴ አልመለሰም። ሰውየው ተቀይሞ ሄደ።

ሁለት ጊዜ ከብርሃኑ ዘወር በይልኝ አለኝ። እኔ ብርሃኑ ላይ አልነበርኩም።



ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኅዳር ሲታጠን ነውና በየደጁ ጥራጊ እየተቃጠለ ከተማችን መካነ ኢየሱስ በሙሉ ጭሷል። ደጃፋችን ላይ ካሴን ድንጋይ አደናቀፈው፤ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ጭሱ ነው» አለኝ።

«ጭሱስ ዛሬ ነው። ሰኞ ምን ነበር?» አልኩት።

እንዲህ ተጀመረ። ተቆጣ፤ እኔም ተቆጣሁ። በኋላ መደቡ ላይ ተቀመጠና አቀርቅሮ ተናገረ። ከፋሲካ ወዲህ ነው። የቀኝ ዓይኑን መሐሉ ላይ አንድ ነገር ጋርዶታል፤ ግራውም እየተከተለ ነው። «ማዕዘኑን በጆሮዬ ነው የምከተለው። መሮው እንጨት ሲያገኝና ባዶ ሲያገኝ ድምፁ ይለያል» አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ። ከአንድ መሶብ እየበላን።

ደብረ ታቦር ሐኪም አለ፤ የጭነት መኪናው ማክሰኞ ማክሰኞ ይወጣል፤ እንሂድ አልኩት። «ባለቶርኖው ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ማን እንጨት ያመጣልኛል?» ብሎ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ሲመለስ እህል አልቀመሰም። እኔም ብላ አላልኩትም። የተናደድኩት እሱ በመደበቁ ይሁን እኔ ባለማወቄ፣ እንጃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሳንነጋገር ጀመርን። እኔ መንኮራኩሩን፣ እሱ መሮውን። ጥቂት እንደሄደ መሮው እንጨቱን ነከሰ፤ አንዱ ማዕዘን ጓ አለና ቅርፊት ተፈናጠረ። የእጁ ጀርባ ደማ። ስለ ደሙ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ቅርፊቷን ፍለጋ በጉልበታችን ተንበርክከን ፍቅፋቂውን በተንን። ቅርፊቷ አውራ ጣት ታህላለች። እዚያው እጁ ሥር ነበረች፤ ሁለት ጊዜ በላይዋ ሲያልፍ አየሁ። አንሥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አለ። «በቃ። ቅዳሜ ሲመጡ አልቻልኩም እላቸዋለሁ» አለ።

ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ መሮውን አነሣሁና «መንኮራኩሩን አንተ አዙር» አልኩት።

«አንቺ?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አይቻለሁ።»

«ማየትና መያዝ አንድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም አዙር።»

ከዚያ ተነሥቶ እየዳሰሰ ሄደና ማዞር ጀመረ፤ በቀስታ።

መሮው ገና ሲነካ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ሁለቴ ነከሰብኝ። ካሴ ከማዶ ሆኖ ያዳምጣል። «እየጮኸ ነው፤ እጀታውን ዝቅ አድርጊ። እንዲህ ደህና ነው። ተይው፣ ተይው፤ ማዕዘኑ ጋ ደርሰሻል፤ ወደ መሐል ተመለሺ።» ሳያይ ሁሉን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ረጅም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ከመሮው ሥር ወጣልኝ። ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ምን ሆነሽ ነው ሳይለኝ ሳቀ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ክንዴ አልነሣ ብሎኛል፤ ይህን እንኳ የምጽፈው እያረፍኩ ነው።

መሐሉን ጨረስኩ። ውፍረቱን እኔ በዓይኔ አይቼ ልክ ነው ስል እሱ በሁለት ጣቱ ይይዝና «እዚህ ጋ ወፍራም ነው» ይላል። ሁልጊዜ ልክ እሱ ነው። ቅርፊቷን በኮላ አጣብቄ በክር ጠፍሬ አሰርኳት። ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ያሸሁት ቶርኖውን አቁሜ ነው፤ እየዞረ ከሆነ ጣት አይተርፍም። ክሩን ፈትቼ የኑግ ዘይት ስቀባው እንጨቱ ቀልቶ ፈካ። ቅርፊቷ አልተነቃነቀችም። እስከ ነገ ትጽና እንጂ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ስመኝ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ እኔን መሮ ይዤ፣ ካሴን መንኮራኩር ይዞ አገኘችን። የመጣችበትን ረስታ ወጣች። ካሴ ማን ነበረች አለኝ። ነገርኩት። «አዞረዋለሁ፤ ቀጥይ» አለኝ።

አንዱ ማዕዘን ሥር መሮው አምልጦኝ የቀረ ጠባሳ አለ። ባሸው ባሸው አልጠፋ አለ። የማን እጅ እንደሠራው ለመሪጌታ ማን ይንገራቸው? አልተነጋገርንበትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

መጡ። መሪጌታ ከበቅሏቸው ወርደው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ አምጡልኝ አሉ። ገበቴውን ደጅ ብርሃን ላይ አውጥተው ቅርፊቱን ዙሪያውን ዳሰሱ። የተጣበቀችው ላይ ደረሱ። አለፏት። ጠባሳው ላይ ግን ጣታቸው ቆመ። «እናቴ ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር እህል የምታበጥረው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ካሴ፣ እጅህ ይባረክ።»

ካሴ «አሜን» አለ።

ከኋላ ቆሜ ነበር። ቅር አለኝ። እፎይም አልኩ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

ካሴ ሊሸኛቸው ተከተለ። ገበቴው በነጠላ ተጠቅልሎ ኮርቻው ላይ ከታሰረ በኋላ ካሴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ሲናገር አየሁ። አይሰማኝም፤ ግን ረጅም ነበር። መሪጌታ ገበቴውን ፈትተው ይዘውት ተመለሱ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ አባቴ። ጠባሳውም የእኔ ነው።»

አገላብጠው አዩት። እንደገና ጠቀለሉት። «አንቺም ተባረኪ» አሉኝ፤ ወደ ካሴም ዞረው «ዓይንህን ሐኪም ይየው። ማክሰኞ ትሄዳለህ፤ እንደ አባት ነው የማዝህ» አሉት። ካሴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ደስ ብሏቸው ይሁን ቅር ብሏቸው ከፊታቸው ላነብ አልቻልኩም። ገበቴውን ግን ይዘውት ሄዱ።

ለምን ነገርካቸው አልኩት። «አሜን ካልኩ በኋላ ከበደኝ» አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶች እያዩኝ ሲንሾካሾኩ ነበር። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ፣ አልጠየቅሁም።

ካሴ እሄዳለሁ ብሏል። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስት ጊዜም እሄዳለሁ አለ። ሐኪም ፊት ቀርቦ አያውቅም። ምን ይሉኛል፣ ዓይን ይቆርጣሉ ወይ፣ ይላል። እኔስ ምን አውቄ። ሄዶ ዓይኑ በርቶለት የተመለሰ አለ ይባላል፤ ጭራሽ ጨልሞበት የተመለሰም አለ ይባላል። ሁለተኛውን አልነገርኩትም።

ለባለመኪናው መልእክት ልኬያለሁ። ለመንገዱ በሶ ፈጭቻለሁ። ጋቢው ታጥቧል። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ የታጠፈውን ጋቢ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

ካሴ ደጅ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቆይቶ «ፈንታ፣ አንቺም ብትመጪስ?» አለኝ። ማዘዝ እንጂ መለመን አያውቅበትም ነበር።

እመጣለሁ አልኩት። በሶ ጨመርኩ። ላማችንን ለማን እንደምተዋት ገና አላሰብኩም።