እትዬ፣ ሳጅኑ ሲደውልልሽ እንዳትዋሺ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ዘንድ ሁሉም ሰላም ነው። አባዬ «ጉልበቴን» ይላል እንጂ ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። እማዬም ትቆጣለች፤ ቁጣዋ ከተሰማ ደህና ናት ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔማ ወፍሬልሻለሁ፣ የድሮ ሱሪዬ እምቢ ብሎኛል።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። ፖሊስ ለመሆን አመልክቻለሁ። አትሳቂ! የሩጫውንም የጽሑፉንም ፈተና አልፌያለሁ። ቅጹ ላይ ግን «አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅመህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አላውቅም» የሚሉ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች። እስክሪብቶዬን ይዤ ስንት ደቂቃ እንደፈዘዝኩ አልነግርሽም። አጎታችን «ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ሄዶ የሚናዘዝ ጅል አይቼ አላውቅም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሰው የድሮውን ባነሳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ እያለ መኖር ሰልችቶኛል። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁና ሐሺሽ አጨስ እንደነበር፣ ካቆምኩም ስድስት ዓመት እንዳለፈኝ ጻፍኩ።

ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ጥፋቴ እሱ ነው። ማመልከቻዬን የያዘው ሳጅን ስለ ጠባዬ ሊጠይቅ ሰፈር እንደሚመጣ ስትሰማ ቤት ለቤት ዞራ «ልጄ እንኳን ሐሺሽ ሲጋራም ነክቶ አያውቅ በሉልኝ» ብላ አስጠናቻቸው። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቃል ሆኖ መሰከረ። ዳቦ ጋጋሪውማ ጭራሽ «የሲጋራ ጢስ ሲሸተው ራሱን ያዞረዋል» አለ አሉ! ሳጅኑ አስጠርቶኝ «አንተ አጨስ ነበር ትላለህ፣ ሰፈሩ በሙሉ በጭራሽ ይላል፤ ማንን ልመን?» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያዳነችኝ ማን መሰለችሽ? ልብስ ሰፊዋ! እማዬ «ልጄን ሌባ አለችብኝ» ብላ ሰባት ዓመት ያኮረፈቻት ያቺው ባለ ካውያዋ። ደጇን ስለማትረግጥ እሷን ሳታስጠናት ቀርታለች። «አዎን፣ ያጨስ ነበር፤ ካውያዬንም ሰርቆኛል» ብላ አረፈችው። «ሲተው ግን ማንም ሳይልከው መጥቶ ነገረኝ፣ እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዛሬ የሱቄ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው።» ሳጅኑ ይህን ሲያነብልኝ እንባዬ አመለጠኝ። እሱም የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል መሳቢያውን ይበረብር ጀመር።

እማዬ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን ዘጋችኝ። የተናደደችው መስረቄን ለልብስ ሰፊዋ ነግሬ ለእሷ ስላልነገርኳት ነው። በአራተኛው ቀን አንዳች ያልጎደለውን መጋረጃ አውርዳ «ጠርዙ ተተርትሯል» ብላ ይዛላት ሄደች። ጠዋት የወጣች ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ መጋረጃው እንደነበረ ነው። ዓይኗ ግን ቀልቷል፣ ፊቷም ፈክቷል።

ሰላምታዬን ሳልረሳ፦ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአማትሽም አክብሮቴን አድርሺልኝ። አባዬና እማዬ ይስሙሻል።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱም በአንቺ እጅ ነው። ቅጹ «ለማቆም የረዳህ ማን ነው?» ስለሚል ያንቺን ስምና ስልክ ሰጥቻለሁ። ሳጅኑ በሚመጣው ወር ይደውልልሻል። ቃልሽ ከቃሌ ከገጠመ ሥልጠና እገባለሁ። እማዬ ቀድማ ደውላ አስጠንታሽ ይሆናል፤ አደራ፣ ልታድኚኝ ብለሽ እንዳትዋሺ። ያኔ ስተው፣ ወጥቼ እንዳላጨስ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ፍራሽሽን በሩ ሥር አንጥፈሽ እንደተኛሽ ንገሪው። ስጮህብሽ «ረግጠኸኝ ውጣ» ትዪኝ እንደነበርም አትደብቂው። አንድ ቀንም ረግጬሽ እንዳልወጣሁ ግን ጨምሪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእናትሽ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 12 ቀን