ፎቶም ከቦታም ላነሳችሁኝ

ለተከበሩ የታላቁ የብስክሌት ውድድር አሻራ ዲጂታል ማህደር ኃላፊ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ኮምፒውተሮችዎስ ሁሉ ደኅና ሰነበቱ? እኔ ዓቢዳ፣ መርሳ ላይ አውቶቡስ ከሚቆምበት ሾላ ሥር ማንጎና ፓፓያ የምሸጠው፣ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። ፎቶዬን ከማህደርዎ «የቀድሞ ገጽታ» ከሚለው ክፍል ስላገኘሁት፣ ደብዳቤዬ ከመቃብር የመጣ መስሎዎት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ውድድሩ አካባቢያችንን እንዴት እንደለወጠው ለትውልድ ለማስቀረት የደከሙትን ድካም እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ብስክሌተኞቹ ሊያልፉ ባሉበት ሰሞን የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ ወይዘሪት ህሊና መጥታ «እትዬ ዓቢዳ፣ ላንሳዎት?» ብትለኝ ሻሼን አስተካክዬ ተነሳሁላት። ጨዋ ልጅ ናት። ድምፅ መቅጃዋን ከፍታም፣ ለውድድሩ ቀን ቦታዬን እለቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ቤት ለእንግዳ! ለእንግዳማ እንነሳለን» አልኳት። በእኛ አገር እንግዳ ሲገባ መነሳት ወግ ነው፤ እንግዳውም «ኧረ በአላህ፣ አትነሱ» ይላል፤ የተነሳውም ተመልሶ ይቀመጣል። ማህደርዎ የወጉን ግማሽ ብቻ አስቀርቶ፣ ከፎቶዬ ሥር «በፈቃዷ የተነሳች ነጋዴ» ብሎ ጻፈልኝ። ፎቶ መነሳትንና ከቦታ መነሳትን በአንድ ጊዜ ስለጨረሱልኝ፣ ለቅልጥፍናዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ብስክሌተኞቹ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አልፈው ወልድያ ገቡ። እኔም ቅርጫቴን ይዤ ወደ ሾላዬ ብመለስ፣ ደንብ አስከባሪው ስልኩን አውጥቶ ማህደርዎን አሳየኝ። «የአሁኑ ገጽታ» በሚለው ፎቶ ላይ ሾላው አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ እኔ የለሁም። ፎቶው የተነሳው በዚያው በውድድሩ ዕለት፣ እኛ ለእንግዳ ብለን ዞር ባልንበት ሰዓት መሆኑን ባስረዳም የሚሰማኝ አጣሁ። በማህደሩ መሠረት እዚህ ቦታ ነጋዴ የለም፣ ለሌለ ነጋዴም ቦታ አይሰጥም ተባልኩ። ይህን የነገረኝ እኮ ፊቱ ቆሜ ነው! ድሮ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር። እርስዎ ወረቀቱን በዲጂታል ስለተኩልን፣ አሁን የቀረን አንደኛው ብቻ ነው።

ሦስተኛው እንኳ ለቀልድ አይመችም። ከአስፋልቱ ማዶ ካለው መጋዘን ጀርባ ስለተገፋን መንገደኛ አያየንም። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ፍራፍሬያችንን ተሸክመን አስፋልቱን እየሮጥን እንሻገራለን። ባለፈው ሳምንት ከጎኔ ብርቱካን የምትሸጠው ሸዋዬ እንዲሁ ስትሮጥ አይሱዙ ገጭቷት እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች። እኔ ነኝ ከመንገድ ያነሳኋት፤ ይህ ደግሞ በማህደርዎ ያልተመዘገበ ሌላ ማንሳት ነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ፈርቻለሁም። አውቶቡስ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር ዛሬ ተራው የማን ይሆን እያልኩ ነው የምሮጠው። ውድድሩ ምን ለወጠ ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ ይህም ለውጥ ነውና ይመዝገብልን።

ይህን ሁሉ ለህሊና ነግሬያት ልጅቷ እንባዋ መጣ። ለማረም ግን የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል አለችኝ። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ህሊና እንዳለው በየደረስኩበት እመሰክራለሁ፤ ሥልጣን ብቻ ነው ያልሰጧት።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ከፎቶዬ ሥር ያለው ጽሑፍ «ለአንድ ቀን ለእንግዳ ተነስታ የተመለሰች» ተብሎ ይታረምልኝና ደንብ አስከባሪው ስልኩ ላይ ይየው። ዓይኑን ካላመነ ስልኩን ያምናል።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ «የቀድሞ ኃላፊ» ከሚለው ክፍልም ይሰውርዎ።

ወግ አክብራ በመነሳቷ ቦታዋን ያጣች፣ እርስዎን ለማክበር ግን አሁንም ያልሰነፈች፣

ዓቢዳ፣ የአሁኗ
መርሳ

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይደርስ፣ ሾላው ሥር ማንጎዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። እባክዎ ህሊናን ካሜራዋን አስይዘው ይላኩልኝ። ቁጭ እንዳልኩ ትቅረጸኝ፤ አልነሳም።