የስፌት መኪናው ዝም ሲል

ጥቅምት 8
ዛሬም ልብስ ሰፊዋ ቤት ዋልኩ። ጥናቴ ልጅና ቤተሰብ አንዱ ሌላውን እየለወጠ እንዴት እንደሚያድግ ነው። ሰፊዋ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ወሬዋን የስፌት መኪናው ይውጠዋል። ልጇ ሚጢጢ ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። ቤት ገብቼ የዋልነውን የድምፅ ቀረጻ አጸዳሁት። የመኪናውን ጩኸት፣ ዝምታውን፣ ሁሉንም ቆርጬ ጣልኩ። እፎይ!

ጥቅምት 15
ሰፊዋ ከፍቷታል። ሚጢጢ ትምህርት ቤት ቃል አትተነፍስም አሉ። በዚሁ ከቀጠለች ወደ ታችኛው ክፍል ሊመልሷት ነው። "እዚህ ጆሮዬ እስኪያመኝ የምትለፈልፍ ልጅ! ምን ነካብኝ?" እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 19
አማካሪዬ ጽሑፌን መለሱልኝ። "እናትየዋ ለብቻ፣ ልጅቷ ለብቻ... መሃላቸው ያለውስ የት ሄደ? እናት ልጇን ለወጠች ብለሻል። ልጅቷስ እናቷን ምን አደረገቻት?" ብው ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 20
ንዴቱ ሲበርድልኝ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከፈትኩ። መኪናው ይጮሃል... ቀጥ ይላል። ሚጢጢ ታወራለች። ዝም ስትል መኪናው ይነሳል። ደግሞ እንደዚያው! ልጅቷ የምታወራው መኪናው ሲቆም ብቻ ነው። እናቷም፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ ልጅቷ ጠጋ ስትል እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። ማን ማንን አስተማረ? ወይ ጉድ... ቆርጬ የጣልኩት ይሄንኑ! ክፍል ውስጥማ ጫጫታው መች ፋታ ይሰጣል? ተራዋን እየጠበቀች ነዋ፣ የኔ ምስኪን።

ጥቅምት 22
ቀረጻውን ለሰፊዋ አሰማኋት። "እኔ? እግሬን አነሳለሁ?" ሳቀች፣ አለቀሰች። አብረን ሄደን ለመምህርቷ ነገርናት። "እስቲ ልሞክር" አለች። ፊቷ ግን አላመነም።

ኅዳር 6
ሰፊዋ በር ላይ ጠብቃ ወሬውን ነገረችኝ። መምህርቷ ልጆቹን ጸጥ አሰኝታ ጠበቀች፣ ጠበቀች... ሚጢጢ ብድግ ብላ ስለ እናቷ መኪና አወራች! ከዚያ ማን ያስቁማት? እዚያው ክፍሏ ትቆያለች። "አሁን ደግሞ ለፈለፈች ብለው እንዳይከሱኝ!" አቅፋኝ ልትሰብረኝ ነበር።
"አንቺም እኮ ተለውጠሻል" አለችኝ። "ድሮ አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላ ጥያቄ ትደረድሪብኝ ነበር።"
እውነቷን ነው። ይሄንንስ ጥናቱ ውስጥ የት ነው የምጽፈው?
ሚጢጢ መጥታ ጉልበቴን ተደገፈች። ዝም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
ማውራት ጀመረች።