የዓይኑና የጆሮው ካርቶን

ሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬም መለሱብኝ። ሦስተኛ ጊዜ። የመድኃኒት ድርጅቱ የገበያ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ “ጽሑፉ ገዘፈ፤ ውበት የለውም” አለ። የዓይን ድርቀት ጠብታ ካርቶን ነው እኮ የምሠራው፣ የሽቶ አይደለም! እሱ የሚፈልገው ውሃ ሰማያዊ መደብ፣ የብር ቀለም ያለው ቀጭን ፊደል፣ የቆንጆ ሴት ዓይን። የጆሮ ጠብታውም ያንኑ ይምሰል፣ “አንድ ቤተሰብ ናቸው” ብሏል።

የማተሚያ ቤታችን ባለቤት አቶ ግርማ፣ “ያዘዘሽን ሥሪለት” አለኝ። እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው።

ማክሰኞ

እንዳዘዘው ሠራሁት። አልዋሽም፣ ያምራል። ሁለቱንም ናሙና አትሜ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው።

አሥር ሰዓት ገደማ የኔም ዓይን ጀመረው። ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ ያመጣብኝ ድርቀት ነው፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራል። መነጽሬን አውልቄ፣ እስቲ እንደ በሽተኛ ልሞክረው ብዬ እጄን ሰደድኩ። ያነሳሁት የጆሮውን ነው። በገዛ እጄ የሠራሁትን!

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ።

ረቡዕ

ሁለቱን ካርቶን ይዤ ገበያው ዳር ያሉት ልብስ ሰፊ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም የዓይን ድርቀት አለባቸው፤ ክር በመርፌ የምታስገባላቸው ሚስታቸው ናት። “የትኛው ነው የዓይኑ?” አልኳቸው። ቢያገላብጡ፣ ቢያርቁ፣ ቢያቀርቡ አልለይ አላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

አምና ካርቶኑ ተመሳስሎባቸው የጆሮ ጠብታ ዓይናቸው ውስጥ ጨምረዋል። ከግንደበረት ለሠርግ የታዘዘ ልብስ ማሽኑ ላይ እንዳለ፣ ሳምንት ሙሉ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ተኙ። ዓይናቸው በእግዜር ቸርነት ተረፈ። ሠርጉ ግን አለፈ።

“ለማንም አልተናገርኩም፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ማንበብ የማይችል ሽማግሌ እንዳይሉኝ።”

ማንበብማ ይችላሉ! በሁለት ቋንቋ ያነባሉ። የማይነበበው ካርቶኑ ነው። ይኸው ሰውየው ዓመት ሙሉ የሌላውን ጥፋት ተሸክመው ኖሩ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ የራሴን ስሠራ ዋልኩ።
– የዓይኑ ነጭ፣ የጆሮው ደማቅ ብርቱካን።
– ትልቅ የዓይን ሥዕል፣ ትልቅ የጆሮ ሥዕል። በጥቁር።
– ስሙ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ እኩል መጠን።
– የተከፈተበት ቀን የሚጻፍበት ባዶ ቦታ፤ ጠብታ ከተከፈተ በወሩ ይበላሻል፣ ሰው ግን ከፍቶ ወራት እያስቀመጠ ነው የሚጠቀመው።

አቶ ግርማ ከኋላዬ ቆሞ አየኝ። “ነገ የመድኃኒት ድርጅቱ ባለቤት ራሱ ይመጣል። ይህን ብታሳዪው ሥራው ይሄዳል፤ አንቺም አብረሽው ትሄጃለሽ።” የሚቀልድ አይመስልም። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናቴን እረዳለሁ።

አሳየዋለሁ።

ዓርብ

አሳየሁት! ብቻዬንም አልገባሁም፤ ኦቦ ቶሎሳን ይዤ ነው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። አቶ ግርማ ፊቱ ጠቆረ።

ባለቤቱ የአምቦ ተወላጅ፣ ስልሳ የሞላው ሰው ነው። በኦሮምኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ክፍሉ ትንሽ ለዘብ አለ። ኦቦ ቶሎሳ ያን የደበቁትን ታሪክ በሰው ፊት ተናገሩት።

ከባለቤቱ ጋር የመጣው የገበያ ኃላፊ፣ “አባት፣ መነጽር ቢያደርጉ እኮ ይለዩታል” አለ።

“መነጽሬን አድርጌ ጠብታውን የት ላንጠብጥበው? መስታወቱ ላይ?”

ባለቤቱ የራሱን መነጽር አወለቀና ሰማያዊዎቹን ካርቶኖች አነሳ። ራቅ አደረጋቸው። አቀረባቸው። “አስብበታለሁ” ብሎ ሁሉንም በቦርሳው ከቶ ሄደ።

አቶ ግርማ እስክንዘጋ ድረስ ከቢሮው አልወጣም።

ቅዳሜ

ረፋዱ ላይ ባለቤቱ ደወለ። ቀለሙ ይለያል፣ ሥዕሉም ይገባል፣ ኦሮምኛውም ይገባል። ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ ጮኬ ነጂውን አስደነገጥኩት። “የቀኑ ቦታ ግን ይቀራል፣ ለድርጅቱ ዓርማ ቦታ ጠበበ” አለኝ።

“እሱ ከቀረ ስሜ እንዳይገባበት” አልኩት።

“ስምሽ መቼ ካርቶን ላይ ይጻፋል?”

እውነቱን ነው፤ ሁለታችንም ሳቅን። ቢሆንም አልለቀቅኩትም፤ ዓርማው ትንሽ ቢሆን የማንም ዓይን አይጠፋም አልኩት። “እስቲ እንደገና ልየው” ብሎ ዘጋ።

አቶ ግርማ “ሰኞ እንነጋገራለን” የሚል መልእክት ልኮልኛል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። የፈለገውን ይበል። እኔም የምለው አለኝ።